ጭንብሉ ለፊት፣ ለእግርስ?

እኛ አገር «የመርዝ ጢስ» ይባላል። ከማይጨው የተረፉት እንዲህ ብለው አወሩት፤ ልጆቻቸው ከነሱ ተቀበሉት፤ የታሪክ መጻሕፍትም በዚሁ ስም አሰፈሩት። ስሙን የሚነቅፍ ሰው አላጋጠመኝም፤ እኔም ልነቅፈው አልተነሣሁም። ነገር ግን ጢስ የሚለው ቃል የሰሚውን ሐሳብ በቀጥታ ወደ አፍንጫ ይወስደዋል። ጢስ ሲመጣ ሰው የነጠላውን ጫፍ አፉ ላይ ያደርጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ነፋስ ወደሚነፍስበት ፊቱን ያዞራል። ጢስ አላፊ ነው። በ1928 ዓ.ም. በሠራዊታችን ላይ የወረደው ነገር ግን አላፊ አልነበረም፤ ጢስም አልነበረም።

ይህን እንዳስብበት ያደረገኝ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የእህቴ ልጅ ነው። እዚህ ብስራተ ገብርኤል፣ ቤታችን ቁጭ ብሎ ስለ ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን የቤት ሥራውን ሲጽፍ ቀና ብሎ፣ «አክስቴ፣ ታዲያ ጭንብል ለምን አላደረጉም?» አለኝ። «አልነበራቸውማ» ብሎ መገላገል ይቻላል። አብዛኞቻችን የምንሰጠው መልስ ይኸው ነው። በመጠጥ ቤትም፣ በለቅሶ ቤትም፣ በጋዜጣም ሲነገር የሰማሁት ይህንኑ ነው፦ ጭንብል አጥተን ተሸነፍን፤ ጭንብል ቢኖረን ኖሮ የማይጨው ነገር ሌላ በሆነ ነበር። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ጭንብል በእርግጥ አልነበረም። ሆኖም አባቶቻችንን የጎዳቸውን ነገር በግማሽ ብቻ ይነግረናል፤ ያጠቃቸውንም ወገን በግማሽ ይቅርታ ያልፈዋል።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1915 ኢፕር በምትባል የቤልጅግ ከተማ አጠገብ ጀርመኖች ክሎሪን የተባለውን ጋዝ ከሲሊንደር ለቀቁት። ያ በእውነትም ነፋስ የሚገፋው ደመና ነበር። ሳንባ ነበር የሚያጠቃው። መከላከያውም ስለዚህ ከአፍና ከአፍንጫ ተጀመረ፤ መጀመሪያ እርጥብ ጨርቅ፣ ቀጥሎ በመድኃኒት የተነከረ የፍላኔላ ከረጢት። ክሉኒ ማክፈርሰን የተባለ የኒውፋውንድላንድ ሐኪም ያወጣው ይህ ከረጢት ጭንቅላትን በሙሉ ይሸፍናል፤ ከፊቱ ማያ መስኮት አለው፤ ጫፉ ከኮት አንገት ሥር ይወተፋል። የተነከረበት ነገር ፎቶ አንሺዎቻችን በጨለማ ክፍላቸው ሲጠቀሙበት የኖሩት «ሃይፖ» ነው። ከዚያ በኋላ በከሰል የተሞላው ቆርቆሮ መጣ። ከሰሉ እኛ ቡና የምናፈላበት ዓይነት ሳይሆን ጋዝ እንዲውጥ ተደርጎ የሚዘጋጅ ነው፤ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1918 ለዚህ ከሰል ሲሉ ሕዝቡ የበላውን የኮክ ፍሬ ዘር እየሰበሰበ እንዲያስረክብ ጠይቀው ነበር።

ጭንብሉ እየተሻሻለ ሄዶ ጥሩ ሆነ። ጀርመኖችም ይህን አዩ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1917፣ እዚያው ኢፕር አጠገብ፣ ሌላ ነገር ተኮሱ። ፈረንሳዮች በከተማይቱ ስም ኢፔሪት አሉት፤ እንግሊዞች በሽታው የሰናፍጭ ጋዝ ብለው ጠሩት። ጋዝ ይባል እንጂ ፈሳሽ ነው፤ ዘይት የሚመስል፣ በቀላሉ የማይተን፣ መሬት ላይና ሣር ላይ ለቀናት የሚቆይ። ጥሩ ጭንብል ያጠለቁ እንግሊዞች በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው ወደ ሆስፒታል ተጓዙ፤ ፈሳሹ የገባው በልብሳቸው በኩል ነበርና። አንባቢ እዚህ ላይ ትንሽ ይቆይልኝ። ኢፔሪት ጦር ሜዳ የወጣው ጭንብል ሳንባን ማዳን ከቻለ በኋላ ነው። ሳንባው ቢዘጋበት በቆዳ ይገባል። እንግዲህ ከ18 ዓመት በኋላ ይህንኑ ፈሳሽ ከሁሉ መርጦ ኢትዮጵያ ላይ ያፈሰሰ መንግሥት የሚሠራውን ያውቅ ነበር።

ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በሽሬ ግንባር ነበሩ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ጦራቸው ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉና ላይ የኢጣልያንን ታንኮች ሳይቀር ድል አድርጎ ነበር። ባዶልዮ ከዴ ቦኖ አዛዥነቱን ከተረከበ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበሩት፤ የሰሜን ጦር ወደ ፊት መግፋቱ አስደነገጠው። ታኅሣሥ 12 እና 13 ቀን አውሮፕላኖቹ እንደ ልማዳቸው ቦምብ ሳይሆን እንግዳ ዕቃ ጣሉ። ራስ እምሩ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለኢጣልያዊው የታሪክ ጸሐፊ ለአንጄሎ ዴል ቦካ እንደነገሩት፣ ዕቃው መሬት ሲነካ ተሰበረና ቀለም የሌለው ፈሳሽ ተረጨ፤ የሰዎቻቸው እጅ፣ እግርና ፊት ተቃጠለ፤ አለቆቹ ምን እናድርግ ብለው ወደ እሳቸው ሲመጡ የሚመልሱት አጡ። ከአድዋ ጀምሮ ጦር ሲመራ የኖረ ወገን አለቃ መልስ ያጣበት ጊዜ ይህ ነው። ጠላቱ ሰው ቢሆን ይገጥመው ነበር፤ የወረደው ግን ዝናብ ነው።

ዋናው መሣሪያ ሲ-500-ቲ ይባል ነበር። 280 ኪሎ ያህል የሚመዝን ቦምብ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 212 ኪሎው ኢፔሪት ነው። መሬት ሳይደርስ 250 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እንዲፈነዳ ተደርጎ ስለሚሞላ ፈሳሹን እንደ ካፊያ ይረጨዋል። አንዱ ቦምብ የሚያረክሰው መሬት ከ500 እስከ 800 ሜትር ርዝመት፣ ከ100 እስከ 200 ሜትር ወርድ ይኖረዋል። የኳስ ሜዳዎችን ጫፍ ለጫፍ ብንቀጥል ከአምስት እስከ ሰባት ይሆናል ማለት ነው። በሰሜን ግንባር ብቻ፣ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ማይጨው ዋዜማ፣ 972 እንዲህ ያለ ቦምብ መጣሉን ዴል ቦካ ከኢጣልያ ሰነዶች ቆጥሯል። አምባ አራዶም ላይ ደግሞ መድፈኞቹ በየካቲት መጀመሪያ ከአንድ ሺህ በላይ የአርሲን ጥይት ተኩሰዋል፤ እሱ ሌላ መርዝ ነው፣ ትንፋሽ የሚያጠቃ።

ከዚህ ዝናብ ወታደርን ምን ያድነዋል? በዚያን ዘመን አውሮፓ የነበረው መልስ ይህ ነው፦ በፊት ልክ የሚገጥም ጭንብል፣ በተልባ ዘይት የተነከረ ፈሳሽ የማያስገባ ልብስ ከላይ እስከ ታች፣ የጎማ ጓንት፣ የጎማ ቦቲ፣ መሬቱ ላይ የሚነሰነስ ክሎሪን ያለበት ነጭ ኖራ፣ መታጠቢያ ብዙ ውሃ፣ መለወጫ ልብስ። ይህን ሁሉ ለብሶ ተራራ መውጣት አይሞከርም፤ በሙቀት ከውስጥ ይቀቀላል። ሀብታሞቹ መንግሥታት እንኳ ያን ልብስ የሚያለብሱት መርዙን ለሚያጸዱ ጥቂት ልዩ ጓዶች እንጂ ለተዋጊው ሁሉ አልነበረም።

የእኛ ሰው ምን ለብሶ ነበር? ክቡር ዘበኛ ካኪ ነበረው፤ እግሩ ግን ባዶ ነበር። የቀረው ጦር በጥጥ ሸማው፣ በእጀ ጠባቡ፣ ለብርዱ በጋቢው ነበር። ጥጥ ኢፔሪትን ይጠጣዋል፤ ጠጥቶም ገላ ላይ አጣብቆ ይይዘዋል። ጋቢ አራት እጥፍ ነውና ብዙ ይይዛል። ዘመቻ ላይ ጠጉር ቅቤ ይቀባ ነበር፤ ቅቤ ውሃን ይመልሳል፣ ኢፔሪት ግን በቅባት ውስጥ የሚሟሟ ነገር ስለሆነ ቅባቱ ይቀበለዋል እንጂ አይመልሰውም። ጢማም ፊት ላይ ደግሞ የጎማ ጭንብል አይገጥምም፤ በጢሙ መሐል አየር ይገባል። ጎፈሬውንና ጢሙን ሳይነካ ድል እስኪያደርግ የሚዘምት ሰው በምን ቋንቋ ተላጭ ይባላል? (የሚላጭ አይጠፋም ነበር ትሉኝ ይሆናል፤ እሺ፣ ይሁን።)

ከሁሉ የከፋው እግር ነው። ፈሳሹ ሣር ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። ከ14 ዲግሪ በታች ሲሆን ይረጋል፤ በደጋው ሌሊት ረግቶ ያድራል፣ ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ይነቃል። ባዶ እግሩን የሚሄድ ሰው ጤዛ ረገጥሁ ብሎ ያልፋል። ወዲያው አያምም፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ወዲያው ቢታጠብ ጉዳቱ በቀነሰ ነበር፤ ሕመሙ የሚመጣው ግን ከሰዓታት በኋላ ነው። ማታ እሳት ዳር ሲቀመጥ እግሩ መቅላት፣ ማበጥ፣ ውሃ መቋጠር ይጀምራል። በማግስቱ መራመድ አይችልም። በእግሩ ብቻ ለሚንቀሳቀስ፣ ስንቁንም በእግሩ ለሚያመጣ ሠራዊት እግሩን ማጣት ጦሩን ማጣት ነው። ማርሴል ዡኖ የተባለው የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል መልእክተኛ ሐኪም ኮረም ላይ ገላቸው የተላጠ ሰዎች ዛፍ ሥር ወድቀው አቤት እያሉ ሲጣሩ እንዳየ ጽፏል።

አሁን ወደ ጭንብሉ ልመለስ፤ ምክንያቱም ጭንብል ለመስፋት የሞከረ ሰው አልነበረም ማለት ሐሰት ነው። በ1927 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲያንዣብብ የኢትዮጵያ ሴቶች ሥራ ማኅበር በአዲስ አበባ ተቋቁሞ ነበር። እቴጌ መነን የበላይ ጠባቂ ነበሩ፤ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴና የእንግሊዙ ሚኒስትር ባለቤት ሌዲ ባርተን ዋና አንቀሳቃሾቹ ነበሩ። መጀመሪያ ፋሻ ጠቀለሉ፣ ልብስ ሰፉ። የመርዙ ወሬ ከሰሜን ሲመጣ በዚያው መርፌና ክር የጨርቅ ጭንብል መስፋት ያዙ።

በሰፈራችን፣ ከብስራተ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ በሲንጀሩ የሚታወቁ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አሉ። ስለ ፍላኔላው ከረጢት አሠራር ያነበብሁትን በወረቀት ሥዬ ወሰድሁላቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። ስንት ሰዓት ይፈጃል ብዬ ስጠይቃቸው መልሱን ዘለሉትና ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አደረጉ። «አንቺ ልጅ፣ ይኼ ጫፉ የት ነው የሚገባው?» አሉኝ። ከኮት ኮሌታ ሥር ይወተፋል አልኋቸው። «ኮሌታ ያለው ማን ነበር?» አሉ። ብዙ መጽሐፍ አገላብጬ ያላገኘሁትን ነገር ባለሙያ በአንድ እይታ አየው። ያ ከረጢት የተቀደደው ኮሌታ ላለው፣ ኮቱን እስከ ጉሮሮው ለሚቆልፍ የአውሮፓ ወታደር ነው። በነጠላና በእጀ ጠባብ ላይ ቢያጠልቁት ከሥር ክፍት ነው።

ኮሌታውም ቢኖር ከረጢቱ የ1915ቱ ኢፕር መልስ ነበር፤ ከሰማይ የሚወርደው ግን የ1917ቱ ኢፕር ነው። ዓይንን ጥቂት ይጋርድ፣ ትንፋሽን ጥቂት ያጣራ ይሆናል። ይህን በመጻፌ የሰፉትን ሴቶች ድካም ለማቃለል እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ። ዓይን ማትረፍ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በኢፔሪት የተጎዳ ሰው ዓይኑ አብጦ ይዘጋል፣ መንገድ የሚመራው ሰው ይሻል። ደግሞስ ሌላ ምን ነበራቸው? ጎማ የሚያቀልጥ ፋብሪካ አልነበረንም፤ ፍላኔላና መርፌ ነበረን። ልዕልት ፀሐይ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበሩ። በጦርነቱ የመጨረሻ ሳምንታት ለእንግሊዝ ሴቶች በላኩት መልእክት ሕዝባቸው በመርዝ ሲቃጠል መከላከያ የሚሆን ጭንብልም ሆነ ምንም እንደሌለው አስታወቁ። በስደት ሳሉ ለንደን ውስጥ ነርስነት ተማሩ፤ ከነፃነት በኋላ ብዙ ሳይቆዩ በ1934 ዓ.ም. በ22 ዓመታቸው በወሊድ ምክንያት ነቀምቴ ላይ አረፉ። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል ከእኛ ሰፈር በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ሽቅብ ሲወጡ የሚገኘው ነው፤ ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሲባል እንሰማለን፤ ከታክሲ ረዳቶች አፍ «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» ሲባል የመጀመሪያውን ስም የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

በጭንብሉ ታሪክ ውስጥ እኔን ከሁሉ ያስገረመኝ የጆርጅ ስቲር ጉዳይ ነው። ስቲር በደቡብ አፍሪካ የተወለደ፣ በዚያን ጊዜ 26 ዓመቱ የነበረ የለንደኑ «ታይምስ» ጋዜጠኛ ነው። ኢጣልያኖች ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ከአገር አባረሩት። ከቀረቡበት ክሶች አንዱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ለኢትዮጵያ ጦር የጋዝ ጭንብል አመላልሰሃል የሚል! እንግዲህ ልብ በሉ። ሮማ በዚያው ወራት ጋዝ አልጣልሁም ትል ነበር። ጋዝ ካልነበረ የጭንብል ማመላለስ ወንጀልነቱ ምን ላይ ነው? የሻሽ ወይም የቆብ ነጋዴን ማን ከአገር ያባርራል? ክሱን የጻፈው ሰው ራሱ ሳያውቀው ምስክርነቱን ፈርሞ ሰጠ። ስቲር በዓመቱ የጌርኒካን መደብደብ ለዓለም ያስታወቀው ጋዜጠኛ ነው፤ በ1932 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ሱዳን መጥቶ ለጃንሆይ መመለስ በፕሮፓጋንዳው ክፍል ሠርቷል።

ሕጉማ ነበር። የጄኔቭ ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ1925 ሰኔ ወር ተፈርሟል፤ ኢጣልያ እ.ኤ.አ. በ1928 አጽድቃዋለች። ይሁንና ጦርነቱ በተጀመረ በወሩ ሳይሞላ፣ ጥቅምት 16 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ሙሶሊኒ ለግራዚያኒ በጎራሄ ላይ ጋዝ መጠቀም እንደሚችል በቴሌግራም ፈቅዷል። በታኅሣሥ ለባዶልዮም ፈቀደ። ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ ጉባኤ ቆመው ሲናገሩ ወታደሩን ብቻ አላነሡም፤ ወንዙን፣ ሐይቁን፣ ግጦሹን፣ ከብቱን፣ ሴቱንና ሕፃኑን አነሡ። ለበቅሎና ለላም ምን ጭንብል ይሰፋላቸዋል? ሸለቆው ውስጥ ውሃ ልትቀዳ ለወረደች ሴትስ? የሰሙት መንግሥታት ግን ነገሩ ገብቷቸው ነበር። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. እስከ መስከረም 1938 ድረስ ለገዛ ሕዝቧ 38 ሚሊዮን ያህል ጭንብል አድላለች። የለንደን ሕፃናት በካርቶን ሣጥን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። ለንደን ላይ ጋዝ አልወረደም።

የእኛ ወታደር ሲያጣ ራሱ ዘዴ ፈለገ። ቀን ተሸሸገ፣ ሌሊት ተጓዘ፤ ቦታው ከተረጨ ዞሮ አለፈ፤ ወንዝ ባገኘ ጊዜ ታጠበ፣ ወንዙ ራሱ ያልተመረዘ እንደሆነ። ከማይጨው መልስ አሸንጌ ሐይቅ ዳር አውሮፕላኖቹ የደረሱበት ጦር ይህን ዕድል አላገኘም። ያም ሆኖ ለወራት፣ መሬቱ እየተቃጠለበት፣ ጦሩ መዋጋቱን አላቆመም፤ የማይጨው ውጊያ ራሱ፣ መጋቢት 22 ቀን፣ ከተከዜው መርዝ ከሦስት ወር በላይ ቆይቶ የተደረገ የማጥቃት ውጊያ ነው። «ጭንብል አጥተን ተሸነፍን» የሚለው አባባል ይህንን ሁሉ ያስረሳል። የጠፋው ጭንብል ብቻ ሳይሆን ቦቲ፣ የዘይት ልብስ፣ አውሮፕላን የሚያወርድ መድፍ፣ መሣሪያ የሚሸጥልን አገር፣ የፈረመውን የሚያከብር ማኅበርም ነው። ለእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ አላልሁትም፤ «ጭንብሉ ፊትን ነው የሚሸፍነው፤ መርዙ ግን በእግር ነበር የሚገባው» አልሁት። ደብተሩ ላይ ጻፈው።

መርዙ በማይጨው አላበቃም። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በመንዝ፣ ዘረት በተባለ ቦታ፣ የአበበ አረጋይ ተከታዮች የሆኑ አርበኞች ከሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር ዋሻ ውስጥ ተከበቡ። እምቢ ሲሉ የኢጣልያ የኬሚካል ጓድ መጣ፤ ኢፔሪት ያለበት ቦምብ ከገደሉ አናት ወደ ዋሻው አፍ በገመድ አውርዶ አፈነዳ፤ የአርሲን ጥይትም ተጨመረ። የወጡት ወንዶች በመቶዎች እየተቆጠሩ ተረሸኑ። በዚህ ጊዜ ኢጣልያ አገሪቱን ይዣለሁ ካለች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር።

ሮማ ለ60 ዓመት ካደች። ጦርነቱ ላይ በመኮንንነት የነበረው ስመ ጥሩ ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ እኔ ነበርሁ፣ ጋዝ አላየሁም እያለ ከዴል ቦካ ጋር ለዓመታት ተሟገተ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1996 የመከላከያ ሚኒስትሩ ጄኔራል ዶሜኒኮ ኮርቾኔ ለፓርላማው በሰጡት መልስ በኢፔሪትና በአርሲን የተሞሉ ቦምቦችና የመድፍ ጥይቶች መጣላቸውን አመኑ፤ ሞንታኔሊም አመነ። እ.ኤ.አ. በ2006 ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ኢጣልያዊ ተመራማሪ በወታደራዊ መዝገብ ያገኘውን ተከትሎ ወደ ዘረት ዋሻ መጣ። ከእሱ በኋላም የአርኪዮሎጂ ሰዎች ገቡ። እህል የተቀመጠበት ጎታ፣ የቅርጫት ቁራጭ፣ የሸክላ ገል፣ የተተኮሰ ጥይት ቀለህ፣ የሰው አጥንት በየቦታው ነበረ።